በትከሻዬ ምክንያት ያልታጨደ ጤፍ

የወንፈል ጓደኞቼ የሁሉንም ጤፍ አብሬ ካጨድኩ በኋላ የእኔ ተራ ሲደርስ ጥለውኝ ቀሩ። ይህ የሆነው አምና ኅዳር መጨረሻ፣ ከይጁቤ ብዙም በማይርቀው ቀበሌያችን ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው። ጽሑፌ ቢንጋደድም ሌላ ሰው አሳምሮ እንዲጽፍልኝ አልፈለግሁም። የሚያምር ነገር የለውም።

ወንፈላችን ስድስት ሰው ነበር። አለቃው የሚስቴ ታላቅ ወንድም አለምነህ ነው፤ አያ አለምነህ እለው ነበር። እኔን ሕመም ከቀኝ ትከሻዬ ሥር ጨምድዶ ከያዘኝ ዓመት አልፎት ነበር። አንገቴን ለማዞር ገላዬን በሙሉ ማዞር ነበረብኝ። ትንሽ እንዳጨድኩ እጄ ይደነዝዛል፤ ቀና ብዬ እቆማለሁ። ያን ጊዜ "ዳኛው ቆሙ!" እያሉ ይስቁብኛል።

ተራዬ የመጨረሻው ነበር። ቀኑ ሲደርስ አለምነህ ሰዎቹን ሰብስቦ፣ "ቁስል የለው፣ ስብራት የለው! የሰው ጉልበት ሊበላ እንጂ ምኑን ታመመ?" አላቸው። አራቱም እሱን ተከተሉ።

እኔና ሚስቴ ግማሹን እንደምንም አጨድን። በታኅሣሥ ያለጊዜው ዝናብ መጣ። የቀረው ጤፍ ተኝቶ መሬት ላይ በቀለ። ያ ጤፍ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይታ የምትማረው ልጃችን ስንቅ ነበር። ስንቅ ሲጠፋ ትምህርቷን ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጣ ሰው ቤት ተቀጠረች።

ከዚያ በኋላ ሕመሙ ወደ ራሴ ወጣ፤ እንቅልፍ አጣሁ። ሚስቴ ይጁቤ ወደሚኖሩት ወጌሻ፣ ወደ እማማ ጥሩነሽ ወሰደችኝ። የኑግ ዘይት አሙቀው በአውራ ጣታቸው ፈለጉ፣ ፈለጉና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

"ይኸው፣ ሥርህ ተቋጥሮ ባቄላ አክሏል።"

ሲጫኑት እናቴን ጠራሁ።

"ጩህ፣ ግዴለም። ትንፋሽህን ብቻ አትያዝ" አሉኝ።

በየቅዳሜው ተመላለስኩ። በአራተኛው ቅዳሜ አንገቴ ዞረ። በቀኝ ጎኔም ተኛሁ።

መዳኔ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣብኝ። አለምነህ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ "አያችሁ? አጨዳው ሲያልቅ ተሻለው!" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌ ጠራሁ።

ሽማግሌዎቹን የሚመሩት መሪጌታ ወጌሻዋን አስጠሩ። እማማ ጥሩነሽ ለእኔ እንዳያደሉ ብለውም ሦስት ሰው ሸሚዙን አውልቆ፣ ራሱን በጋቢ ተሸፋፍኖ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥ አሉ። አንዱ እኔ ነኝ፤ አንዱ ጎረቤታችን። አለምነህ ማንም ሳይጠይቀው ተነሣ።

"እኔም ልቀመጥ። የጤነኛ ጀርባ ምን እንደሚመስል ይዩት" አለ።

እማማ ጥሩነሽ ጎረቤታችንን ዳስሰው፣ "ይኼ በሬ ነው" አሉ። እኔን ነካ አድርገው፣ "ይኼ የእኔው ነው፤ ገና ቅሪት አለው" አሉ። ሦስተኛውን ሲጫኑት ሰውዬው ተስፈንጥሮ አቃሰተ።

"ውይ! ይኼስ ይብሳል። ልጄ፣ እንዲህ ሆነህ እንዴት ትተኛለህ?"

መሪጌታ ጋቢውን ገለጡ። አለምነህ ፊቱን ላብ አጥምቆታል።

"ካመመኝ ሁለት ዓመቴ ነው" አለ።

"ለምን ደበቅህ?" አሉት መሪጌታ።

"ብናገር እንደ እሱ ከወንፈል ታስወጡኝ የለ!"

ለካ ሕመሜን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነበር። እያወቀ ነው ውሸታም ያለኝ።

ሽማግሌዎቹ ከእንግዲህ የወንፈሉ መጀመሪያ የእኔ ማሳ እንዲሆን ፈረዱ። አለምነህም እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንዲጠይቅ አዘዙ። ድንጋዩን በዚያው በታመመው ትከሻው ተሸክሞ ፊቴ ቆመ። "ማረኝ" አለ። የት ቦታ እንደሚወጋው፣ እጁ ከየት ጀምሮ እንደሚደነዝዝ አውቃለሁ። ሚስቴ "ይቅር በለው እንጂ! ወንድሜን ልትገድለው ነው?" እያለች አለቀሰች። እኔ ግን ልጄን እያሰብኩ ዝም አልኩ። መሪጌታ ሁለት ጊዜ ገሠጹኝ። በሦስተኛው "ይቅር ብዬሃለሁ" አልኩ።

ልጄ እስከ ዛሬ ወደ ትምህርቷ አልተመለሰችም። ሰው ጨክነሃል ይለኛል፤ ልክ ነው፣ ጨክኜአለሁ። ይቅር ማለቴም እውነት ይሁን ውሸት እስካሁን አላውቅም። ድንጋዩ ግን ከአለምነህ ትከሻ ወርዷል፤ የካቲት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት።