የእትዬ መርፌ የይለፍ ቃል

ሰፈሩ እትዬ መርፌ የሚላት ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍታለች፤ ምላሷም የወጋው ቦታ ቶሎ አይሽርም። ቂም ስትይዝ ደግሞ ለጉድ ነው። ይቅር ባይ ሰዎችን ታደንቃለች፤ ከእነሱ አንዷ ነኝ ብላ ግን ዋሽታ አታውቅም።

ቂሟ ከዋርሳዋ፣ ከሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ጋር ነው። የወንድማማቾቹ አባት የስፌት ቤቱን ለታላቁ ልጅ፣ ለባሏ፣ የሰጡት በቃል ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ ወረቀት ግን አያውቅም። ባሏ ሲታመም ታናሽየው "ለአንድ ወር ብቻ" ብሎ ሁለት የስፌት መኪና ፊት ክፍል አስገባ። ባሏ በሞተ በሁለተኛው ወር እሷ ከገበያ ስትመለስ የገዛ መኪናዋን ኋላ ክፍል፣ ላቡ የሚንጠባጠብ የውሃ ቧንቧ ሥር አገኘችው።

"እዚህ ጸጥታ አለ፣ ታርፊያለሽ ብዬ ነው" አላት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

የፊት ክፍሉ ትልቅ መስኮት ወደ መንገድ ነው የሚያየው፤ አላፊ አግዳሚው የተሰቀለውን ልብስ አይቶ ይገባል። የኋላ ክፍሉ መስኮት የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ዋርሳዋ በትልቁ መስኮት በኩል የሚሽከረከር ወንበር አስቀምጦ ተሰየመበት። ወንበሩ ከመጣ ወዲህ ቆሞ የታየበት ቀን ስለሌለ ሰፈሩ ሊቀ መንበር ይለዋል።

የቤቱ ኢንተርኔትም ከሊቀ መንበሩ ራስ በላይ ከተሰቀለችው ራውተር ነው የሚመጣው። እትዬ መርፌ መንገድ የሚያይ መስኮት ስላጣች ሥራዋን የምታሳየው እህቷ በሰጠቻት ታብሌት ነበር። ዲዛይኗ፣ ፎቶዋ፣ የደንበኞቿ ልክ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ስልክ አላት፤ ግን መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ካሜራው የሞተ፣ ደውሎ ከማውራት ያለፈ ነገር ስትጠይቀው የሚያኮርፍ ስልክ ነው። ታብሌቷ ደግሞ ዋይፋይ ካላገኘች ዲዳ ናት። ስለዚህ የዋርሳዋን ደጅ ትጠናለች።

ሊቀ መንበሩ የይለፍ ቃሉን ሰኞ ሰኞ ይቀይራል። "ለጥንቃቄ ነው" ይላል። አንድ ሰኞ የይለፍ ቃሉ "ጋሼ ይኑሩልኝ" ሆነ። በስምንት ዓመት የምትበልጠው፣ ትምህርት ቤት ሳለ ሸሚዙን አጥባ ተኩሳ ያለበሰችው ሴት፣ ሠራተኞቹ ፊት ቆማ በአንድ ጣቷ ፊደል እየለቀመች ጋሼ ይኑሩልኝ ብላ ጻፈች። እሱ ወንበሩን ወዲያ ወዲህ እያሽከረከረ ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች። የሚያውቃት ሁሉ እትዬ መርፌ ፈገግ ስትል ነው የሚፈራው።

እሱንስ ትችለው ነበር። ያንገበገባት የትምህርት ቤቱ ነገር ነው። አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሊያሰፋ ፈልጎ ርዕሰ መምህሩ ናሙናውን በቪዲዮ አሳዩኝ አሏት። ሦስት ቀን ቆርጣ ሰፍታ፣ አንገትጌውን ገልብጣ ልታሳይ ከፍ ስታደርገው የሰውየው ፊት አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። ወደ ፊት ክፍል ሮጠች። ሊቀ መንበሩ፣ ለወትሮው ከወንበሩ የማይነሳው ሰውዬ፣ የአቧራ መጥረጊያ ይዞ ቆሟል።

"ራውተሩን እያጸዳሁ ነው። አቧራ በላት እኮ!"

በሁለተኛው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ሰማያዊ ጨርቅ በጥቅል በጥቅሉ ፊት ክፍል ወረደ። አንገትጌው ራሱ የእሷ አንገትጌ ነው። እትዬ መርፌ ኋላ ክፍሏ ገብታ ቀኑን ሙሉ የሰው ሱሪ ዚፕ ስትገጥም ዋለች።

ከዚያ በኋላ የቀራት አንድ ተስፋ ነበር። አንድ ክሊኒክ ለነርሶቹ ሁለት መቶ ጋውን ሊያሰፋ አስቧል፤ የነርሶቹ አለቃም ናሙናውን ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ በቪዲዮ ሊያዩ ቀጥረዋታል። ይህ ሥራ ካመለጠ መኪናዋን ሸጣ ለዋርሳዋ ተቀጥራ ከመስፋት በቀር መንገድ የላትም። እሱም ይህን ያውቃል፤ "ቁልፍ የሚተክል ሰው ያስፈልገኛል" ማለት ከጀመረ ሰነባብቷል።

ሰኞ ጠዋት የስልኳን ሲም ካርድ አወጣችና በታብሌቷ ጎን ያለችውን ቀጭን ቀዳዳ አይታ፣ ጨርቅ ውስጥ መርፌ እንደምትሰድ ቀስ አድርጋ ሰደደችው። ገባ። ኢንተርኔት ግን አልመጣም። ልታወጣው ብትል ደግሞ አልወጣ አለ። በክር መልቀሚያዋ ብትጎትተው ይብስ ሰመጠ። አሁን ስልክም የላትም፣ ታብሌትም የላትም። ሁለቱንም በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ስልክ ጠጋኙ በረረች።

ስልክ ጠጋኙ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ሳይጠየቅ የማይናገር ሰው ነው። ገልበጥ አድርጎ አየና ተነፈሰ።

"እትዬ፣ ይቺ ታብሌት ሲም አትቀበልም። ይሄ የሚሞሪ ቀዳዳ ነው።"

"ታዲያ ምን ይሻላታል? የዚያን ሰውዬ ደጅ ስንጠና ልንኖር ነው?"

ሲሙን በቀጭን ወረንጦ አውጥቶ ስልኳ ውስጥ መለሰው። "ስልክዎ ዳታ አለው አይደል? ሆትስፖት እንክፈትለት። ስልኩ ራሱ ዋይፋይ ይሆናል፣ ታብሌትዎ ከእሱ ትቀዳለች። ከማንም ደጅ አይቆሙም።"

"ይሄ ስንጥቅጥቁ?"

"ይሄው ራሱ። ስም እናውጣለት፤ ማን ይባል?"

"የኋላ ክፍል።"

"የይለፍ ቃሉስ?"

እትዬ መርፌ ጎንበስ ብላ በጆሮው ነገረችው። ጠጋኙ መነጽሩን አውልቆ አያት።

"ረጅም ነው።"

"ይርዘም።"

ያን ዕለት ለማንም ትንፍሽ አላለችም። እንዲያውም ፊት ክፍል ሄዳ የሳምንቱን የይለፍ ቃል ለመነች፤ ተቀበለች፤ አመሰገነች። "ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ክሊኒኩ ስለሚያየኝ አደራህን እንዳይቋረጥብኝ" ብላም ሰዓቱን አስረግጣ ነገረችው። ሊቀ መንበሩ አንገቱን ነቀነቀ።

ሐሙስ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ እትዬ መርፌ የጋውኑን ኪስ ገልብጣ ስፌቱን ለነርሶቹ አለቃ እያሳየች ሳለ የኋላ ክፍሉ በር ገርበብ አለ። ሊቀ መንበሩ ነው። ከነአቧራ መጥረጊያው። እያለቀሰች ሊያገኛት ነበር የመጣው። የነርሶቹ አለቃ ከታብሌቱ ውስጥ አዩት።

"ከኋላዎ የቆሙት ማን ናቸው?"

"እሱ ነው? አቧራ ጠራጊ ነው" አለች ዞር ሳትል። "ወደ ኪሱ እንመለስ።"

ሊቀ መንበሩ ራውተሯን እንደነቀላት ያውቃል፤ ገመዱ አሁንም በግራ እጁ ላይ ተንጠልጥሏል። ሴትዮዋ ግን ታወራለች፤ ታብሌቷም ትመልስላታለች። በእጁ ያለውን ገመድ አየና በሩን ዘግቶ ሄደ። ከምሳ በፊት ሁለት መቶው ጋውን የእትዬ መርፌ ሆነ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተመስገን ብሎ ነገሩን ይተወው ነበር። እሷ ግን አቁሞ ያስጻፋትን ቀን አልረሳችም፣ ልትረሳም አልፈለገችም። ጠበቀች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን መንገድ ቆፋሪዎች የሰፈሩን የኢንተርኔት ገመድ በጠሱት። ሊቀ መንበሩ የስምንት መቶ ተማሪ ልክ እስከ ስድስት ሰዓት ካላከ ትምህርት ቤቱ ሥራውን ለሌላ እንደሚሰጥ በስልክ ተነግሮታል። አምስት ተኩል ሆኗል። የራሱ ስልክ ዳታ አልቆበት፣ ዳታ ያለው አለ ወይ ብሎ ቢጮህ ከሠራተኞቹ አለኝ ያለ አንድም አልተገኘም፤ ሁሉም አቀርቅሮ ይሰፋል። ኮምፒውተሩ ላይ ከገዛ ራውተሩ ሌላ የሚታየው ዋይፋይ አንድ ብቻ ነው፤ የኋላ ክፍል ይላል።

መጣ። ደጃፏ ላይ ቆመ።

"እትዬ" አለ፤ አንቺ ማለቱን ትቶት ነበር። "እባክዎ፣ የይለፍ ቃሉን ይስጡኝ።"

"ምን ገዶኝ" አለች። ቀልጠፍ ብላ ተነሥታ ፊት ክፍል ድረስ ተከተለችው። ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡ ጡረተኛ አስተማሪ፣ የሟች አባቱ ጓደኛ፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። እትዬ መርፌ እሳቸውን እጅ ነሥታ ከወንበሩ ጀርባ ቆመች።

"በላቲን ፊደል ነው፣ ሳታራርቅ ጻፍ" አለችው። "የወንድሜን።"

ጻፈ።

"ቤት።"

ጣቱ ቆመ። ዞሮ አያት። እሷ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ይቀራል።

"ቤት" አለች እንደገና። ጻፈ።

"ወሰድኩ።"

ጻፈና ተጫነው። ኮምፒውተሩ አልገባም አለ።

"ፊደል ስተሃል" አለች በለሰለሰ ድምፅ። "ድምፅህን ከፍ አድርገህ እያነበብክ ጻፈው፤ ያን ጊዜ አይሳሳትም።"

ሠራተኞቹ ሁሉ መኪናቸውን አቁመው ወደ እሱ ዞሩ።

"የወንድሜን ቤት ወሰድኩ" አለ ሊቀ መንበሩ፣ ፊደል በፊደል እየተጫነ፤ ኮምፒውተሩም ተቀበለው።

"ይኸው ገባ" አሉ ጡረተኛው አስተማሪ ከጥግ። "አባትህ ለታላቅህ ሲሰጡት እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። የምትናገርበትን ቀን ስጠብቅ አረጀሁ።"

የእትዬ መርፌ አንጀት ቅቤ ጠጣ። አላዘነችለትም፤ አንድ ጠብታ አላዘነችለትም። የስምንት መቶው ተማሪ ልክ እስኪላክ ድረስ ከጀርባው ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ ወደ ጋውኖቿ ለመመለስ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

"ገመዱ እስኪጠገን ተጠቀምበት" አለችው። "ሰኞ ሰኞ ግን እቀይረዋለሁ። ለጥንቃቄ ነው።"