ሙሴያችን የወረደ ዕለት

ዓርብ፣ የሚካኤል ማግስት፣ አርብ ገበያ። ጠዋት የገባ እህል፦ ባቄላ ደህና፣ ገብስ ጥቂት፣ ሽንብራ ምንም። ሽንብራው ሁሉ ማዶ፣ አያ ስመኝ ደጅ ወርዷል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የእኔና የእሱ መጋዘን ፊት ለፊት ነው። ዋጋችን አንድ፣ ሚዛናችን አንድ። ሆኖም ገበሬው አህያውን እየነዳ በእኔ በር ያልፍና እሱ ዘንድ ያራግፋል። ምክንያቱም አያ ስመኝ የሚካኤል ማኅበራችን ሙሴ ነው። ጸሎት የሚያስጀምር፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ያጠፋ የሚቀጣ እሱ ነው። ሰው «ሙሴያችን» እያለ ትከሻውን ሲስመው በየገበያው ቀን ማየት ከባድ ነው... አህዮቹ እንኳ መንገዱን ለምደውታል።

ትናንት ግን የእኔ ቀን መስሎኝ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ካለፈው ወር ነው። በማኅበራችን ደንብ ዳቦው ሲቆረስ የመጀመሪያው ቁራሽ ደጅ ለተቀመጡት ነዳያን ይወጣል፤ ከዚያ በፊት ማንም አይቀምስም። ባለፈው ወር ግን አንድ ትልቅ እህል ገዢ ከከተማ በእንግድነት መጣ። አያ ስመኝ ዳቦውን ቆርሶ መጀመሪያ ለእሱ አቀረበ። ነዳያኑ ሲጠብቁ ቆይተው ቁርጥራጩ ደረሳቸው። አየሁ... ዝም አልኩ። ወሩን ሙሉ ይዤው ከረምኩ።

ትናንት ጽዋው ከመነሳቱ በፊት ተነስቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ የዔሊን ልጆች አነሳሁ። የእግዚአብሔር ድርሻ ሳይቀርብ ሥጋውን ቀድመው ይወስዱ እንደነበር፣ አባታቸውም እያወቀ እንዳልከለከላቸው፣ በዚህም ክህነቱ ከቤታቸው እንደተወሰደ አስረዳሁ። ከዚያ ያለፈውን ወር ዳቦ ተናገርኩ። እግዚአብሔር ያልታመነውን ሹም ያወርዳል፣ በምትኩም የታመነ ያስነሳል ብዬ ተቀመጥኩ። የታመነው ማን እንደሆነ አልጠቀስኩም። እሱን ለሌሎች ተውኩት።

አያ ስመኝ ይከራከራል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አልተከራከረም። ቆመና «እውነቱን ነው። ገዢው እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው ያደረግሁት። ሙሴነቱን ተቀበሉኝ» አለ።

የማኅበሩ ካህን ቄስ ሞላ መውረዱን አጸኑት። ድሆችን የረሳ ሰው በዚህ ወንበር አይቆይም አሉ። ልቤ ሞቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሳሙኤል የሁለት ሹሞች መውረድ ተነግሮታል። የዔሊን ሲሰማ ለመናገር ፈራ። የሳኦልን ሲሰማ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ። አንተ የትኛውን አደረግህ?»

ፊቴን አጨፍግጌ «አዝኛለሁ፣ አባ» አልኩ።

«ፊትህ በርቶ ነበር እኮ» አሉ። በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሳቁ።

ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም። ወንበሩ ባዶ ነው። ስሜ ሲጠራ ሁለቴ «አይሆንም» ብዬ ልግደረደር፣ በሦስተኛው ልቀበል አስቤ አንገቴን ደፋሁ። የተጠራው ደርቤ ነው። ደርቤ... ገበያ ላይ ጆንያ የሚሸከምልኝ ደርቤ። ባለፈው ወር የራሱን ድርሻ ይዞ ወደ ነዳያኑ የወጣው እሱ ብቻ ነበር ተባለ። እኔ አላየሁትም። አያ ስመኝን እያየሁ ነበር።

ደርቤ አልተግደረደረም። ተቀመጠና የመጀመሪያ ፍርዱን ሰጠ። አያ ስመኝ ነዳያኑን ስላስጠበቀ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ እንዲያመጣ ቀጣው። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያን ዕለት አይተው ኖሯል። እዚያው ጆሮው ላይ ቢነግሩት ኖሮ ዳቦው ይወጣ ነበር። ነዳያኑ የተራቡት በእርስዎም ጭምር ነው። እርስዎም ጧፍ። ሁለታችሁ አብራችሁ ሄዳችሁ፣ አብራችሁ ታመጣላችሁ።»

አያ ስመኝ ወዲያው ተነስቶ የደርቤን ትከሻ ሳመ። ሰው ሁሉ «ጎሽ» አለው። እኔም ልስመው ነበር... ቀደመኝ። መውረድ እንዲህ የሚያምርበት ሰው አይቼ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ደርቤ እንደወትሮው ጆንያዬን ሊሸከም መጣ። ብድግ አልኩለት። አያ ስመኝ ከማዶ አይቶ ሳቀ። ሙሴነቱ ወርዷል፤ አህዮቹ ግን አልሰሙም፤ በእኔ በር አልፈው ወደ እሱ ሄዱ።

ነገ፦ ከአያ ስመኝ ጋር በመጀመሪያው ሚኒባስ ንፋስ መውጫ ሄዶ ጧፍ መግዛት። የፊተኛውን ወንበር እሱ ሳይዘው መድረስ።