ዝንጉርጉርነቷ መልኳ እንጂ ሕመሟ ያልሆነ አይሪስ

በሆስፒታሉ የስፌት ክፍል ቀኑን ሙሉ ነጭ አንሶላ ስትጥፍ የምትውል ሴት፣ ቤቷ ስትገባ ዓይኗ ቀለም ቢራብ ማን ይፈርድባታል? እሷን የራባት ዝንጉርጉር ቅጠል ነበር። ሌላው ሰው አይሪስ የሚባለውን ተክል ለአበባው ይተክላል፤ እሷ ግን እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ በቆመው ቅጠል ላይ ነጭ ወይም ቢጫ መስመር ካየች ልቧ እዚያው ይቀራል። ከየአጥሩ ሥር ለምና፣ ተለማምጣ፣ ግቢዋን ሞላችው። ጎረቤቱም «እመት ዝንጉርጉር» አላት።

ከሁሉም የምትሳሳላት ከመስኮቱ ሥር ያለችው ነበረች፤ ቅጠሏ ግማሹ ወተት፣ ግማሹ አረንጓዴ። የሆስፒታሉ አትክልተኛ ጡረታ ሲወጣ አውራ ጣት የምታህል ሥር ቆርሶ ሰጣትና፣ «ልጄ፣ ድፍን አረንጓዴ ቡቃያ ካየሽ ቶሎ ንቀዪ። ጉልበተኛ ነው፤ ነጯን ይውጣታል» አላት። ሌላ መሰል የላትም።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስትመለስ የባሏ ታላቅ እህት መቀስ ይዘው ከመስኮቱ ሥር ጎንበስ ብለዋል። ዝንጉርጉሩ ቅጠል ሁሉ መሬት ላይ ተጋድሟል። አንድ ድፍን አረንጓዴ ቡቃያ ብቻ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።

«እትዬ! ምን አደረጉ?»

«አዳንኩልሽ! በሽተኛውን ስታስታምሚ ጤነኛው ሊሞትብሽ ነበር እኮ።»

«መልኳ ነው እትዬ! መልኳ!»

«የሆስፒታል ሰው ሆነሽ ሕመም አታውቂም?»

ባሏ ከበሩ ላይ፣ «እኔስ ለቅሶ ልድረስ ወይስ እንኳን ማረልሽ ልበል?» አለ።

«አንተ ደግሞ አፍህን ያዝ!» አለችው ሚስቱ።

እትዬን መገላመጥ ነውር ሆነባት፤ ዝም ማለቱ ደግሞ ቃር። ጥርሷን ነክሳ መሬቱን ማሰች። ሥሩ ደህና ነው። አረንጓዴውን ገንጥላ ጣለችና የነጯን ጉቶ ብቻዋን መልሳ ተከለቻት። ግን ጉቶ መልክ የለው፤ ምን ለብሳ እንደምትወጣ ማን ያውቃል? ጠዋት ጠዋት ውሃ ስታጠጣት ታንጎራጉርላት ነበር፦

አምረሽ ብትወጪ ነጭ ባረንጓዴ፣
ታማለች አሉሽ ወይ፣ መልክ ሕመም ነው እንዴ?

ሰነባብቶ ጫፏ ብቅ አለ፤ ግማሹ ወተት፣ ግማሹ አረንጓዴ። ተንበርክካ ስታያት እንባዋ መጣ። ይህኔ ያ የሚታወቅ ድምፅ ከኋላዋ ተሰማ።

«ውይ በሞትኩት፣ አገረሸባት! መቀሱ የታለ?»

ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ የደበቀችውን መቀስ በቀሚሷ ኪስ ውስጥ ጨበጥ አደረገችው።

«እሱም ታሞ ሆስፒታል ተኝቷል፣ እትዬ» አለች፣ ቀና ሳትል።