ወንድሜ «ልሙት» ማለት ሲተው

ወንድሜ የጂቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አፉ መሐላ አያጣም ነበር። «ልሙት፣ ሚሌ ላይ ጎማ ፈንድቶብኝ ነው የቆየሁት።» «ልሙት፣ የዲቾቶን ሻይ የሚያህል የለም።» ካላመንኩት ደግሞ «ሙቺ እውነቴን ነው!» ይላል። እኔ ሰመራ አስተማሪ ነኝ፤ ባለፈ ባገደመ ቁጥር መኪናውን አስፋልት ዳር አቁሞ ይገባል፣ ምሳዬን ይበላል፣ ወጡ ጨው በዛበት ብሎ ሰድቦኝ ይሄዳል።

አንድ ዓመት መኪናውን ለሌላ ሹፌር አስረክቦ አዋሽ እናታችን ቤት ገባ። ምክንያቱን እስከ ዛሬ የሚጠይቁኝ አሉ። ሴት ከድታው ነው? ዕቃ ጠፍቶበት ነው? አላውቅም፤ እሱም አያውቅም። ሰው ያለ ምክንያት አያዝንም ብሎ የደነገገው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ባለኝ።

ስልክ ስደውል ይመልሳል፤ ግን «ልሙት» የሚለው ቃል ከአፉ ጠፍቷል። «በላህ?» ስለው «በልቻለሁ» ይላል፣ በቃ፣ እንደ ቢሮ ጸሐፊ። ይኼ ቀን ከሌት አስጨነቀኝ። ቀልድ ሆኖ ሲኖር የነበረን ቃል ሰው የሚፈራው እውነት ሲሆንበት ነው ብዬ አሰብኩ።

እናቴ ግን ደስታዋን አልቻለችውም። «መሐላ ተወ! እግዚአብሔር ልብ ሰጠው» ትለኛለች። የንስሐ አባቷም አመሰገኑት። ጎረቤታችን የወሎ ሰው ነው፣ ባለ ሱቅ፣ እሱም «ማሻአላህ፣ ሰውየው ረጋ» አለ። ቴፑን ለአንዱ፣ የቆዳ ጃኬቱን ለሌላው ሲሰጥ ደግሞ ቸርነቱ ተወራ። አዋሽ ላይ ጃኬት የሚለብስ ባይኖርም ተቀባይ አልጠፋም። እንቅልፍ እንደሌለው ስነግራቸው «ሙቀቱ ነው» አሉኝ። እኛ አገር ሰው ሲቆጣም ሙቀቱ ነው፣ ሲከሳም ሙቀቱ ነው፤ ያ ምስኪን ፀሐይ ስንቱን ተሸክሞ ይችለዋል!

ለፋሲካ አዋሽ ሄድኩ። ዶሮው ቀርቧል፤ የወሎው ጎረቤታችን ሥጋችንን ስለማይበላ ለስላሳ ተከፍቶለት አብሮን ተቀምጧል። ወንድሜ እንጀራውን በጣቱ ያገላብጣል እንጂ አይጎርስም። እናቴ ከተሜው ሁሉ እንዴት እንዳመሰገነው ታወራለች። ጉርሻዬን መልሼ አስቀምጬ ጠየቅሁት፦

«ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?»

ጎረቤታችን «አዑዙ ቢላህ!» ብሎ ጠርሙሱን አስቀመጠ። እናቴ ተነስታ በጥፊ አጮለችኝ። በዚያ ዕድሜዬ፣ ስንት ተማሪ የሚፈራኝ ሴትዮ! «ምላስሽ ይቆረጥ! በዓመት በዓል ታሟርቺበታለሽ? ከአፍ የወጣ አፋፍ መሆኑን አታውቂም?» አለች።

ወንድሜ ግን ዓይኔን አየኝ። ከመጣሁ ጀምሮ አይቶኝ አያውቅም ነበር። «አዎ» አለ፤ ቀጥሎም «ማንም እኮ አልጠየቀኝም» አለ።

«አየሽ!» አለች እናቴ፣ «አንቺ ነሽ አፉ ላይ ያስቀመጥሽለት!»

እጁን ይዤ ጓሮ ወጣን። እስኪመሽ አወራኝ፣ አለቀሰም። በነጋታው ይዤው ወደ ሰመራ ወረድኩ፤ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ክኒን ሰጡት፣ እየተመላለሰም ከሐኪሙ ጋር ያወራ ነበር። እናቴ የላከችውንም ጠበል አልከለከልኩትም፤ ከክኒኑ ጋር ይጠጣ፣ ማን ጠላ! ብቻውን ግን አልተውኩትም። ወራት ፈጀ። ቀስ በቀስ እንቅልፉ ተመለሰ፣ በኋላም ወደ መሪው ተመለሰ።

አዋሽ ላይ ከዚያ ወዲህ ስሜ ሟርተኛዋ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት እኔ ስገባ ሰበብ ፈልጋ ትወጣለች። ልጅ የታመመባት እናት ደህና ነው ትለኛለች፣ ሳሉ ከጓዳ እየተሰማ። ወንድሜ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ይኸው ሰው ሁሉ ደረቱን እየደቃ «ምነው በጠየቅነው» ይል ነበር። ስላልሞተ ግን ጥፋቱ የጠየቅሁት እኔ ላይ ቀረ። ይህን ሳስብ ዛሬም ይመረኛል።

ከዓመታት በኋላ በእናቴ ሰፈር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ራሱን አጠፋ። ፍትሐት እንዳይከለከል ድንገተኛ ሕመም ነው ተባለ፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ድንገተኛ ሕመም ይላል። ድንኳኑ ከረፋዱ በፊት ተተክሎ አለቀ። ለለቅሶ ማን ይቀድመናል! ሰውየው በቁሙ ሳለ ግን አጠገቡ የሚቀመጥ አንድ ሰው አጥቶ ከረመ።

ከሴቶቹ ጋር ተቀምጫለሁ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ወይኔ! ምነው አንድ ሰው ምን ሆንክ ባለው!» ብላ አለቀሰች። አልቻልኩም።

«እኔ ስጠይቅ በጥፊ አልመታሽኝም?» አልኳት።

«የኔ ልጅ ደግሞ ምን ሆነና?» አለች፣ ድንኳኑ ሁሉ እየሰማ። «ወገቡን ነበር ያመመው። ሐኪም አየው፣ ዳነ።»

ሴቶቹ «እሰይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ወንድሜ ከወንዶቹ መካከል ነበር፤ ሰምቶ አቀረቀረ። ያን ጊዜ ከጎኑ የተቀመጠ ጎረምሳነቱን ያለፈ ሰው፣ የሟች የቢሮ ጓደኛ፣ ወደሱ ጠጋ ብሎ «እኔም ወገቤን ከያዘኝ ሰንብቷል። ሐኪሙን ብትነግረኝ» አለው። የሰውየው ወገብ ጤነኛ ነው፤ ጠዋት የድንኳኑን ብረት ብቻውን ተሸክሞ ሲያመጣ ሁላችንም አይተናል።

ወንድሜ ቀና ብሎ አየው። ድምፁን ሳይደብቅ፣ «ወገቤን አልነበረም» አለ። «መኖር አስጠልቶኝ ራሴን ላጠፋ ነበር። አንተም እንደዚያ ነህ?»

ሰውየው አልሳቀም፣ አልተቆጣም፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ወንድሜ ክንዱን ይዞ አስነሳውና ተያይዘው ወጡ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ይኸው! በሰው ለቅሶ ላይ አዋረድሽኝ። አሁን ደስ አለሽ?»

«አዎ፣ ደስ ብሎኛል» አልኳት።