ለጋሼ ሎምበቦ ያስቀመጥኳቸው ዳዶዎች

ከሆሳዕና የወጣነው ዝናብ በሚጥልበት ምሽት ነው፤ ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ ሲገባ እኛ ከቤት ወጣን። በታላቅ እህቴ በምህረት ሳሎን ቆመን ተጸለየልን። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጸሎቱን ቢያስረዝሙት የሻሸመኔው ሚኒባስ ሾፌር ከውጭ ጥሩምባውን ነፋ፤ እሳቸው ግን «ጌታ ሆይ፣ ሾፌሩንም አስታግስልን» ብለው ቀጠሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ወደ ደቡብ አፍሪካ የምንሄደው ሁለት ነን፣ እኔና የምህረት ባል ማርቆስ። እሱ ሾፌር፣ እኔ ጎሚስታ። ጎረቤቱ ሁሉ «ሁለት ሆናችሁ መሄዳችሁ ደግ ነው» ይላል፤ እኔ ደግሞ በልቤ፣ አንዳችን ብቻ ብንመለስ ምህረትን በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ እላለሁ። እንዲህ ነኝ እኔ፣ ገና ሳልነሳ የምፈራ።

መንገዱን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አላደክማችሁም። ከሞያሌ ወዲያ ያለውን አገር ያየሁት በሸራ ሥር ሆኜ ነው፤ አላየሁትም ማለት ይቀላል። አንድ ድንበር ላይ ግን ኦፊሰሩ ቆጮውን ከቦርሳዬ አውጥቶ በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምግብ ነው።»

«ከምን የተሠራ?»

እንሰትን በእኔ እንግሊዝኛ ማን ያስረዳዋል? «ከዛፍ» አልኩት።

«ዛፍ ነው የምትበሉት?»

«መጀመሪያ እንቀብረዋለን።»

ጓደኛውን ጠራው። «እነዚህ ሰዎች ዛፍ ቀብረው ይበላሉ። ለምን እንደሚሰደዱ አሁን ገባኝ» አለው። ማርቆስ አብሯቸው ሳቀ፤ እኔ ቆጮዬን ተቀብዬ ወደ ቦርሳው መለስኩ። ማርቆስ እንዲህ ነው፣ ከሚፈራው ሰው ጋር አብሮ ይስቃል።

አሁን ያለንበት የደቡብ አፍሪካ ከተማ ትንሽ ነው። ሰኔና ሐምሌ ይበርዳል፤ ብርዱ ደረቅ ነው፣ ጠብታ ዝናብ የለውም። የሆሳዕና ጭቃ ይናፍቃል ብላችሁ ማን ያምናችኋል? የበቆሎ ገንፏቸውን ፓፕ ይሉታል፤ እኔ የምህረትን የቡላ ምግብ፣ አታካናን፣ ከነቅቤው እያሰብኩ እውጠዋለሁ። ሰላምታቸውም አንድ ቃል ነው። እኛ የከብቱን ጤና ጠይቀን ሳንጨርስ እነሱ ሄደዋል።

ሦስት ዓመት ሱቅ ውስጥ ሠርተን ፒክአፕ ገዛን። እዚህ ባኪ ይሉታል። ከኋላ በየጎኑ ጥንድ ጥንድ ጎማ አለው፣ ከፊት ነጠላ። ማርቆስ በሱ ዱቄት፣ ዘይትና ለስላሳ እየጫነ ሎኬሽን ውስጥ ላሉ ያገራችን ልጆች ሱቆች ያደርሳል። ሎኬሽን ማለት ድሃው ሕዝብ የሚኖርበት ሰፈር ነው። ደግ ሰው ሞልቶበታል፤ ግን የተጫነ መኪና ከቆመ ደግ ያልሆኑትም ይመጣሉ። አንድ የዱራሜ ልጅ ጎማ ፈንድቶበት ሊቀይር ወርዶ በጥይት እግሩን ተመትቷል። ሆስፒታል ልጠይቀው ሄጄ ያወራሁት ስለ እግሩ አይደለም፣ ስለ ጎማው ነው። የፈነዳው እንደ እኛው ያለ ቀላል ጎማ ነበር። ከዚያ በኋላ ማርቆስ በዘገየ ቁጥር በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ስለዚህ የከባድ መኪና ጎማና ቸርኬ እንግጠምለት አልኩ። ጎማው ጎኑ ወፍራም ነው፣ ብረት ያለበት፤ ጎማው የሚገጠምበት ቸርኬም ብቻውን ሰው ያደክማል። ስድስቱ ግቢ ውስጥ ሲራገፉ አከራያችን ጎጎ ወጡ። ጎጎ ማለት በነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው።

«ስድስት ተከራይ ጨመርክብኝ?»

«ጎማ ነው፣ ጎጎ። የማይፈነዳ።»

«ከፈነዳ ምን ትሆናላችሁ?»

«እንሞታለን።»

«እኔ ሰባ ዓመት በእግሬ ስሄድ አልሞትኩም።»

«እርስዎ ዘይት አልጫኑም፣ ጎጎ።»

«አንተስ ፍርሃት ትጭናለህ» ብለው ገቡ። እውነታቸውን ነው።

አሁን ስህተቴን ልንገራችሁ። ከአዲሱ ቸርኬ ጋር አንድ ከረጢት አዲስ ዳዶ ተሰጥቶኝ ነበር፤ ዳዶ ያው ጎማውን ከመኪናው ጋር አጥብቆ የሚይዘው ነው። እንዴት ያለ ዳዶ መሰላችሁ! ከሥሩ የሚሽከረከር ቀለበት ያለው፣ መልክ የሚያሳይ። ሆሳዕና ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አብሬው የሠራሁት ጌታዬ ጋሼ ሎምበቦ ግን አንድ ሕግ ነበረው። የፈታነውን የፋብሪካ ዳዶ በናፍጣ አጥበን፣ መልሰን እንገጥማለን እንጂ አዲስ አንነካም። «ከገበያ አዲስ ዳዶ የምትገዛ ከሆነ የሬሳ ሣጥንም አብረህ ግዛ» ይል ነበር። የሚሸጠው አስመስለው የሠሩት ለስላሳ ብረት ነበርና ልክ ነበረ። እጄ እንደ ልማዱ ወደ አሮጌዎቹ ሄደ። አጠብኳቸው፣ ገጠምኳቸው፣ በመፍቻው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቼ በክብደቴ ጭምር አጠበቅኋቸው። አዲሶቹን በካልሲ ቋጥሬ አስቀመጥኩ፤ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሲገኝ ለጋሼ ልልካቸው። እውነተኛ ዳዶ በእጁ ሲይዝ ፊቱን እያሰብኩ ደስ ብሎኝ አደርኩ።

ጠዋት ማርቆስ ጭኖ ወጣ። እኔ የጎማ ንፋስ መለኪያ ልገዛ ወደ ጎማ ሻጩ ሄድኩ፤ መነጽር ያደረገ፣ ቀልደኛ ሽማግሌ ነው።

«ዳዶዎቹ ገጠሙልህ?»

«አልነካኋቸውም። ለጌታዬ ስጦታ ልልካቸው ነው። ያሰርኩት በድሮዎቹ ነው።»

ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ተወ። አንድ አሮጌ ዳዶ ከመሳቢያ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ በአፉ አቆመው። የድሮው ዳዶ አፉ ሾጣጣ ነው፣ የድሮው ቸርኬ ቀዳዳም በዚያው ልክ ጎድጉዷል፤ ገብቶ ይቀመጥበታል። የአዲሱ ቸርኬ ፊት ግን ጠፍጣፋ ነው። ሾጣጣውን ጠፍጣፋ ላይ ብታስረው የሚይዘው በጠርዙ ብቻ ነው፤ ጭነት ሲበዛና መንገዱ ሲያንቀጠቅጠው ይበላና ይላላል። በጣቱ ገፋ ሲያደርገው ዳዶው ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። ሌላ ቃል አላስፈለገኝም። ዘጠኝ ዓመት ጎሚስታ የሆነ ሰው ነኝ፣ ይህን ማንም ሊነግረኝ አይገባም ነበር።

ማርቆስ ጋ ደወልኩ፣ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ። አያነሳም፣ ምክንያቱም ሎኬሽን ስትገባ ስልክህን ወንበር ሥር ደብቅ ብዬ ያስጨነቅኩት እኔው ነኝ። ቤት ሮጬ ካልሲውንና መፍቻዎቹን ያዝኩ፣ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ብቻዬን ሎኬሽን ገብቼ አላውቅም። ያ ሁሉ ዳዶ ጭኔ ላይ ይንሿሿል፤ አጠገቤ ያሉት ያዩኛል፤ እኔ በአገሬ ቋንቋ፣ በሀዲይሳ፣ ድምፄን አውጥቼ እጸልያለሁ። አገር ቤት ሌሞ ውስጥ ገብስ የጫነ ጋሪ ጎማው ሲወልቅ ሰው ይስቃል፣ ፈረሱ ቆሞ ሣር ይግጣል፣ በቃ። እዚህ ግን ቁልቁለት አለ፣ ሕፃናት አሉ፣ ማርቆስ አለ።

የመጀመሪያው ሱቅ ያለው ልጅ «አሁን ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣ» አለኝ። በእግሬ ሮጥኩ። ከሩቅ ሕዝብ ተሰብስቦ አየሁ።

ፒክአፑ በግራ በኩል ኋላው አስፋልቱ ላይ ወርዷል። ከግራ ጥንዶቹ አንዱ ጎማ ከሥሩ ተወትፏል፤ ሌላው ቁልቁል ተንከባሎ ብስኩት የምትጠብስ ሴት ጠረጴዛ ሰብሮ ግንብ ላይ ነው የቆመው። ሴትዮዋ ውኃ ልትቀዳ ከጠረጴዛው ተነስታ ነበርና ተረፈች። ማርቆስ መሬት ላይ ተቀምጧል። ደም ፈለግሁ፣ የለም። ዘርፈውት ይሆናል ብዬ የፈራኋቸው ጎረምሶች ያን ከባድ ጎማ ለሦስት እየገፉ ዳገቱን ያመጡታል። ሴትዮዋ «ልትገድሉን ነው!» እያለች ትጮህብናለች። ይቅርታ ስጠይቃት እንባዬ መጣ፤ እሷም ደንግጣ መጮኋን ተወች።

ከስምንቱ ብሎን ሦስቱ ተቆርጠዋል። መኪናውን በክሪክ አንስቼ፣ በቀሩት አምስት ላይ ጥንዱን መልሼ፣ ከካልሲው እያወጣሁ አዲሶቹን ዳዶዎች አሰርኩ። የሌሎቹንም ጎማዎች ዳዶ እዚያው ቀየርኩ። ማርቆስ ቆሞ አየኝ።

«እነዚህ ከየት መጡ?»

«ለጋሼ ሎምበቦ አስቀምጫቸው ነበር።»

ያ በሁሉ ነገር የሚስቅ ሰው አልሳቀም። «ቤት እንሂድ» አለኝ። መንገድ ላይ «ለምህረት አንንገራት፣ ትደነግጣለች» አልኩት። ዝም አለ። ዝምታውን እሺታ ነው ብዬ ወሰድኩት።

ከዚያ ወዲህ ብሎኖቹ ተቀይረዋል፣ ሁሉም በደንቡ ታስሯል፣ ጎማ ሻጩም መጥቶ አይቶታል። እኔ ጠዋት ጠዋት አጠብቃለሁ። እኔ ስጨርስ ማርቆስ ጎንበስ ብሎ እያንዳንዷን ዳዶ በእጁ ይነካል፣ ከዚያ ነው ሞተር የሚያስነሳው። ድሮ እንዲህ አያደርግም ነበር።

እሑድ እሑድ ምህረት ጋ እደውላለሁ። ሦስት እሑድ «ሁሉ ሰላም ነው፣ ጎማው ብረት ነው» ስላት ሰነበትኩ። በአራተኛውም ያንኑ አልኳት። ከኋላዋ ልጆቿ ሲንጫጩ ይሰማኛል።

«አበራ» አለችኝ። «ማርቆስ የነገረኝ በዚያኑ ቀን ነው።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«አንተ እስክትነግረኝ ስጠብቅ ነው ይሄ ሁሉ እሑድ ያለፈው።»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ደንግጬ አይደል የምኖረው?» አለች፣ ሳትቆጣ። «አሁን ዳዶውን የሚያጠብቀው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ከአንተ በኋላ እሱ ያያል?»

«እያንዳንዷን በእጁ ይነካል።»

«ይንካ» አለችኝ።