እምቢታው ስንት ነው?

ኤሌክትሪክን ማንም አላስተማረኝም። ደባርቅ ላይ አምፖልና ሽቦ የምሸጥባትን ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ፣ ልጆቼ የጨረሷቸውን የትምህርት ቤት መጻሕፍት እያነበብኩ ነው ቀስ በቀስ የገባኝ። ልጆቼንም ያስተማርኳቸው በራሴ ቃል ነው። ቮልቴጅን «ግፊት»፣ ከረንትን «ፍሰት» እላለሁ። ሽቦው ፍሰቱን አላሳልፍም እያለ የሚያስቸግርበትን፣ መጽሐፉ ሬዚስታንስ የሚለውን ደግሞ «እምቢታ» አልኩት። ግፊቱን ለፍሰቱ ሲያካፍሉት እምቢታው ይገኛል፤ ግፊቱን በፍሰቱ ሲያባዙት ኃይሉ። ይህ የቤታችን ቋንቋ ነው። ሱቅ ለሚመጣ ሰው እንኳ እንዲህ ብዬ አልናገርም።

ዘንድሮ ትልቋን ልጄን ሊጠይቁ ከዳባት ሽማግሌዎች መጡ። ልጁ ኤሌክትሪሽያን ነው፣ የወፍጮ ሞተር ይጠግናል አሉ። ይህን ስሰማ ፊቴ ይጠቁራል። ኪሱ ውስጥ ቴስተር የሰካ ሁሉ ኤሌክትሪሽያን ነኝ ይላል፤ ከዚያ ለምድጃ የማይሆን ቀጭን ሽቦ ገዝቶ በሰው ግድግዳ ውስጥ ይቀብራል። ያላወቁትን አውቃለሁ ማለት ቤት ያቃጥላል። የልጄ ልብ ግን እሱ ላይ እንደሆነ እናቷ ነግራኛለች። «አባቴ ካልፈቀደ ከቃሉ አልወጣም» ማለቷንም ጨምራ። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በእኔ አፍ ላይ ወደቀ።

ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። በር ላይ ቆመው፣ ከተራራው የሚመጣው ነፋስ ጋቢያቸውን እያራገበው፣ የሚናገሩላቸው ቄስ ጀመሩ።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

«መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ለልጁ ያድርሱልኝ፣ መምሬ።»

«ስለ ዘሩ ነው?»

«ስለ ምድጃ ነው።»

እኔም ቀጠልኩ። «አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ። ቀን ቮልቴጁ ሁለት መቶ ሃያ ሲሆን አሥር አምፔር ይስባል። ሲመሽ፣ ከተማው ሁሉ ሲያበራ፣ ቮልቴጁ ወደ መቶ ሰባ ስድስት ይወርዳል። የምድጃው ሬዚስታንስ ስንት ነው? ሲመሽስ ኃይሉ ስንት ዋት ይሆናል?»

መምሬ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ቅኔ ለራሳቸው ደጋገሙት። ከኋላቸው የቆሙት ሽማግሌ «እኛ ሰባት ቤት ዘር ቆጥረን መጣን እንጂ አምፔር አልቆጠርንም» እያሉ አጉተመተሙ።

ጥያቄው ወጥመድ አለው። ዝም ብሎ የሸመደደ ሰው የማታውን መቶ ሰባ ስድስት በዚያው በአሥር ያባዛል፤ ሺህ ሰባት መቶ ስድሳ ይላል። ግፊቱ ሲወርድ ፍሰቱም አብሮ እንደሚወርድ ይረሳል።

በሳምንቱ ተመለሱ። መምሬ የልጁን መልስ ይዘው ቢመጡም ለመናገር አፈሩ።

«ቃሉ ለዚህ ቦታ አይሆንም እኮ።»

«ግድ የለም፣ ይበሉት።»

«እምቢታው… ሃያ ሁለት ነው ብሏል። ሲመሽም እምቢታው ያው ነው። ፍሰቱ ግን ስምንት ይሆናል፤ ኃይሉም ሺህ አራት መቶ ስምንት ዋት።»

«ልጅ ልንጠይቅ መጥተን እምቢታ እናውራ!» አሉ የኋለኛው ሽማግሌ።

መልሱ ልክ ነበር። እኔን የወጋኝ ግን ቃሉ ነው። ሬዚስታንስ ብዬ የላክሁት እንዴት እምቢታ ሆኖ ተመለሰ? ልጄ ለሱቁ ዕቃ ከዳባት እኔ ላምጣ ማለት ያበዛችው፣ ስልክ ይዛ ጓሮ የምትወጣው፣ ሁሉም አንድ ላይ ትዝ አለኝ። ሠርታ ሰጥታዋለች አልኩ። ሽማግሌዎቹን እንደ ቆሙ ትቼ ጓዳ ገባሁ።

«ሒሳቡን ማን ሠራለት?»

«ራሱ ነዋ፣ አባዬ።»

«እምቢታ የሚለውንስ?»

አንገቷን ደፋች። «እሱ ከእኔ ነው። በስልክ ስናወራ ለምዶብኝ ነው።»

«ቃሉን ሰጥተሽ መልሱን ልትከለክይው?»

«መልሱንም ሰጥቼው ነበር። አልቀበልም አለ እንጂ።»

«ስንት ብለሽ?»

«ሺህ ሰባት መቶ ስድሳ።»

ለሰው ያጠመድኩት ወጥመድ ውስጥ የገዛ ልጄ ገብታ ቆማለች። ጥርጣሬዬን ረስቼ ተናደድኩ። «ስንት ጊዜ ነው ያስተማርኩሽ! ፍሰቱን አታወርጂውም?»

«እሱም እንዲሁ ነው ያለኝ። ተጨቃጨቅን። ደግሞ ‹ልክ ብትሆኚም አልወስደውም፤ አባትሽ የጠየቀው እኔን ነው› አለኝ። አኮረፍኩት።»

ተማክረው ያዘጋጁት ታሪክ ይሆን ብዬ ፊቷን ፈተሽኩ። የሚዋሽ ሰው ራሱን ሞኝ አድርጎ አይዋሽም። እሷ ደግሞ ያፈረችው በስልኩ ሳይሆን በስሌቷ ነበር፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለማውቃት ይህን ለየሁት። ከሚወዳት እጅ በነጻ የመጣለትን መልስ ሳይመረምር ያልወሰደ ሰው፣ ማንም በማያየው ግድግዳ ውስጥም ቀጭን ሽቦ አይቀብርም።

ወደ በሩ ተመለስኩ። መምሬ ፊቴን አይተው ደፈር አሉ።

«እንግዲህ የእርስዎስ እምቢታ ስንት ሆነ?»

«ዜሮማ አይሆንም፣ መምሬ። ዜሮ ከሆነ ሽቦው ይቃጠላል። ለስልኩ ወሬ ትንሽ አስቀርቻለሁ።»

«ፍሰቱስ?»

«ያልፋል» አልኩና ወንበር ሳብኩላቸው። «ይቀመጡ።»