ለኖር የማያስነሣ ወንበር

ባሌ ሲሞት ከመሬቱ ሌላ ሁለት ዕቃ ትቶልኛል፤ አንድ ዳዊትና አንድ የመርከብ ወንበር። ዳዊት አይሸጥም። ለተዝካሩ ደግሞ ሰንጋ ያስፈልገኝ ነበር። ስለዚህ የሚሸጠው ወንበሩ ሆነ።

ጊዜው ጣሊያን አንኮበርን ይዞ የተቀመጠበት ነው። በሬ እንደ ልብ አይገኝም። ጣሊያን ለወታደሩ ይነዳል፤ ቆላ የወረዱት አርበኞችም መብላት አለባቸው። ሰው በሬውን እንደ ልጃገረድ ይደብቅ ነበር። ጎረቤቴ የነበሩ አሮጊት የእሳቸውን በሬ ጓዳ አስገብተው ከበርበሬው እንስራ አጠገብ አሰሩት። በሬው ሲያስነጥስ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፤ በሦስተኛው ቀን ተወሰደ። እንግዲህ እንዲህ ባለ ዘመን ነው ሰንጋ በወንበር ልለውጥ የተነሣሁት።

ወንበሩ የመጣው ከጅቡቲ ነው። ባሌ በወጣትነቱ ከአልዩ አምባ ነጋዴዎች ጋር ወርዶ ሳለ፣ አንዲት ዝነኛ የጥንት መርከብ አርጅታ ስትፈርስ ዕቃዋ ወደቡ ላይ ይሸጥ ነበር። ጓደኞቹ ጨርቅ ሲገዙ እሱ ወንበር ገዛ። እስከ አልዩ አምባ በግመል መጣ፤ ከዚያ ወደ አንኮበር ዳገቱን በአህያ ተያያዙት። ዳገቱ መካከል ላይ ወንበሩ በአህያዋ ጀርባ ላይ እንዳለ ብትን ብሎ ተዘረጋ። አህያዋ ክንፍ ያበቀለች መሰላት መሰል፣ ሽቅብ የወጣችውን ሁሉ ቁልቁል በረረችው። ባሌ ይህን ሲያወራ አንዳንድ ቀን አህያዋ መሬት ሳትነካ ነበር የምትሄደው።

ሲታጠፍ መሰላል፣ ሲዘረጋ ቃሬዛ ይመስላል። እግር የሚሰቀልበት ሳይቀር አለው። ማጠፉን የሚያውቅበት ባሌ ብቻ ነበር። ከጀርባው በነሐስ ላይ የተቀረጸ የፈረንጅ ጽሕፈት አለ። ባሌ የፈረንጅ ፊደል አያውቅም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን ያነበው ነበር። ለአንዱ የመርከቧን ስም፣ ለሌላው "የባሕር ማዶ ንግሥት እዚህ ላይ ተኝታለች" ብሎ ያነብለታል።

የወንበሩ ክፋት፣ አንዴ ከተጋደሙበት አያስነሣም። በአገራችን ሰው ሲገባ ከመቀመጫ ብድግ ብሎ "ኖር!" ይባላል፤ ገቢውም "በእግዜር!" ይላል። ባሌ ግን እዚያ ላይ ከተጋደመ ለካህንም ለሽማግሌም አይነሣም። አንገቱን እንደ ኤሊ አስግጎ "ኖር!" ይላል፤ እኔ ማፈር ነው። በኋላማ ለእኔም ይለኝ ጀመር። ባል ለሚስቱ ኖር ሲል ማን ሰምቶ ያውቃል? ውሃ ቀድቼ በገባሁ ቁጥር ያች አንገት ብቅ ትላለች።

"ኖር፣ እመቤቴ!"

"ተው፣ አትቀልድብኝ" እለዋለሁ።

ወንበሩን ሊያይ መጀመሪያ የመጣው የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው። ልሞክረው ብሎ ተጋደመና እዚያው እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ ጥላው ዞሯል። "ወላሂ እህቴ፣ ዕቃውስ ግሩም ነው" አለኝ ዓይኑን እያሸ። "ግን ይኼን ሱቅ ውስጥ ካስገባሁ ሌባ እኔንም ጨምሮ ይወስደኛል።"

ቀጥሎ ባላምባራሱ መጣ። የሾመው ጣሊያን ነው፤ ሹመቱን አገሩም አልለመደለት፣ እሱም አልለመደው። "ባላምባራስ!" ብለው ሲጠሩት ዞሮ ከኋላው ማን እንዳለ ያይ ነበር። የጣሊያኑ ሻምበል ወንበር እንዳለው አይቷልና ከሻምበሉ የሚረዝም ወንበር ፈለገ። አሽከሩን አስከትሎ፣ አዲስ ነጭ ጋቢ ለብሶ ገባ። ጎረቤቴም አብረውኝ ነበሩ።

"ይኼ ምኑ ነው?" አለ ተጋድሞ።

"የእግር መስቀያው ነው፣ ጌታዬ።"

"ለሁለቱም እግር?"

"ለሁለቱም።"

ሁለቱንም ሰቀለና ጋቢውን እስከ አገጩ ሳበ። "ሰንጋው ነገ ይመጣልሻል" አለ ዓይኑን ጨፍኖ።

ይህን ጊዜ የንስሐ አባቴ ስለ ተዝካሩ ሊነጋገሩ መጡ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ቤቱም ጨለምለም ያለ ነው። ሁላችንም ብድግ ብለን "ኖር!" አልን። ባላምባራሱም ሊነሣ አንዴ ተፈናጠረ። ወንበሩ ሲጥ ብሎ መልሶ ዋጠው፤ ጋቢውም ፊቱን ሸፈነው።

"በእግዜር፣ በእግዜር" እያሉ የገቡት ካህን ቆም አሉ። የሚታያቸው ቃሬዛ ላይ የተጋደመ፣ በነጭ የተሸፈነ ሰው ነው።

"ወይ ጉድ! ከዚህ ቤት ደግሞ ማንን ወሰደ?" አሉና መስቀላቸውን አውጥተው ፍትሐት ጀመሩ።

እኛ መስቀሉን ስናይ ከልማድ አንገታችንን ደፋን። ባላምባራሱም ጸሎት ማቋረጥ ፈርቶ ነው መሰል ጋቢውን ከፊቱ አላነሣም። ካህኑ ስም መጥሪያው ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

"የክርስትና ስሙ ማን ነው?"

ከጋቢው ሥር ባላምባራሱ ጮክ ብሎ ስሙን ተናገረ።

"ማነው የመለሰው?"

"ራሱ ነው፣ አባቴ" አሉ ጎረቤቴ። "ገና ነው፤ ዋጋ እየተነጋገርን ነው።"

ባላምባራሱ በጎኑ ተንከባሎ እንደ ገብስ ጆንያ ዱብ አለ። አሽከሩ የነጠላውን ጫፍ አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ ግድግዳውን ያያል።

"ፍትሐቴን! በቁሜ ፍትሐቴን!" አለ ባላምባራሱ።

"መቼ ቆምክ?" አሉ ካህኑ። "ተኝተህ ነው እንጂ።"

"ወንበሩም ይቅር፣ ሰንጋውም ይቅር!" ብሎ ወጣ።

ተዝካሩ ሳምንት ቀርቶታል፤ ሰንጋዬ በበሩ ወጥቶ ሄደ። መሬት ላይ ተቀመጥኩና ላለቅስ ስል የወጣኝ ሳቅ ሆነ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ጎረቤቴ አፌን በነጠላቸው ያፍኑኛል፤ "አንቺ ሐዘንተኛ፣ ሰው ምን ይልሻል!" እያሉ፤ የሳቸውን አፍ ግን የሚያፍንላቸው አልነበረም።

በማግስቱ አሽከሩ አንድ ቀይ ሰንጋ እየጎተተ መጣ።

"እመቤቴ፣ ጌታዬ ሲያስብ ነው ያደረው" አለኝ። "'ፍትሐቱ በስሜ፣ እዚያ ወንበር ላይ ተደግሟል፤ ሌላ ሰው ገዝቶ ቢተኛበትና ሳይሞት ቢቀር፣ ፍትሐቱ ባለቤቱን ፍለጋ ወደ እኔ ይመጣል' አለ። ወንበሩ ከእጁ እንዲወጣ አይፈልግም።"

"ሊተኛበት ነው?"

"ኧረ ምን ቆርጦት! ቆጥ ላይ ሊሰቅለው ነው።"

በሬውን አጥር ጥግ እንዲያስርልኝ ነግሬው ገባሁ። ያን ሁሉ ዘመን ተጋድሜበት አላውቅም ነበር። ተጋደምኩ። የባሌ ራስ ያረፈበት ቦታ ጎድጎድ ብሏል፤ ራሴን እዚያ ላይ አደረግሁ። ብዙ ሳልቆይ አሽከሩ ገባ። እንግዳ ነውና ልነሣ አልኩ። በክርኔ ገፋሁ፣ በወገቤ ታገልኩ፤ ያለኝን ጉልበት ሁሉ ሰጥቼ ቀና ያለልኝ አንገቴ ብቻ ነው።

"ኖር" አልኩት።

"በእግዜር" አለኝ።

ባሌ ለካ አልቀለደብኝም። ውሃ ይዤ በገባሁ ቁጥር እውነቱን ሊነሣልኝ ሲታገል ኖሯል።

አሽከሩ ሁለት እጄን ስቦ አቆመኝ። ወንበሩን እንደተዘረጋ ተሸክሞ ሲወጣ ግን ደጃፉ ላይ ተሰነቀረ። እሱ ውጭ ቀረ፣ እኔ ውስጥ፤ በሬው ከአጥሩ ሥር ሆኖ ያየናል።

"እመቤቴ፣ እንዴት ነው የሚታጠፈው?"

"እኔ ምኑን አውቄ?" አልኩት። "የሚያውቀውማ ይኼ በሬ የሚታረድለት ሰው ነበር።"